አሥራ ዘጠኝ ንስርና አንዲት ጥንቸል

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ? የካምፑ ምግብ ተስማማሽ? እኛ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነን፤ እሱም ቢሆን ደረጃ ካላየ አይናገርም። እናትሽ ትስምሻለች። ፍራሽ ሻጯ ጎረቤታችን ሰኪና "ያቺ አውሮፕላን ስንት ሰው ትይዛለች ብለው ይጻፉላት" ብላኛለች፤ ለመሳፈር አስባ መሰለኝ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትይ። በስልክ ሳቄ ሲያመልጠኝ ትዘጊብኛለሽ፤ ወረቀት አይዘጋም።

ለእናትሽ ያልሻትን ሰማሁ። አብረውሽ የሚሠለጥኑት በቴሌግራም ግሩፓችሁ "ጥንቸል" ብለውሻል። ስሙን ካላነሱልኝ አብራሪነቱ ይቅርብኝ ብለሽ መልቀቂያ ጽፈሻል፤ ሰኞ ታስገቢያለሽ። አንቺ የመረጥሽው "ንግሥተ ሰማይ" ነበር አሉ። ልጄ፣ እሱንስ እናትሽም አልፈቀደችው፤ "የእመቤታችንን ስም ለቴሌግራም!" ብላ ሦስት ቀን አኩርፋለች።

እስቲ ስለ እኛ ግሩፕ ላጫውትሽ። የድሮ አየር ኃይሎች አርባ ሰዎች ነን፤ ከአርባው አሥራ ዘጠኙ ንስር ናቸው። ንስር፣ ንስር 2፣ ነጭ ንስር፣ ጡረተኛ ንስር። "የሰማዩ ንጉሥ" የሚባለው ደመቀ የብርድ ልብስ መጋዘን ኃላፊ ነበር፤ መሰላል ሲወጣ እንኳ ዓይኑን ይጨፍናል። ሃያ ዓመት ያበረረው ይገረም ግን ስሙ "ሻይ በሎሚ" ነው። አንድ ቀን ሬዲዮውን የዘጋ መስሎት ሰማይ ላይ ሆኖ "አሁን አንድ ሻይ በሎሚ ቢኖር" ሲል የመቆጣጠሪያ ማማው ሁሉ ሰማው። ሲያርፍ ሻዩ ከነሎሚው ሜዳው ላይ ጠበቀው። ይኸው እስከ ዛሬ አልቀየረውም።

አየሽ፣ በአየር ኃይል ቤት ስም ራስሽ አታወጪም፤ ያወጡልሻል፤ የሚያወጡልሽም ከስህተትሽ ነው። እዚህ መርካቶስ ያው አይደል? ጋሼ ሀብተ ወልድ ስሙን በሁለት ሜትር ታፔላ አስጽፎ ሰቅሏል። ዋጋ አልቀንስም ስለሚል ግን "የእምቢ ሱቅ" ካላልሽ ከአብነት እስከ ጭድ ተራ የሚያሳይሽ ሰው የለም። እሱም ለምዶት "አቤት!" ይላል።

አንቺን ጥንቸል ያሰኘሽ ስታርፊ አውሮፕላኗ ሦስቴ ስለነጠረች ነው አሉ። ትንጠር! በአራተኛው ቆማለች አይደል?

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። ልጅ ሆነሽ "አንተንስ ማን ይሉህ ነበር?" ስትይኝ "ነጎድጓድ" ብዬሻለሁ። ዋሽቼሻለሁ። አንድ ጠዋት የአውሮፕላን ክንፍ ሳጥብ ቆይቼ ባልዲዬን እዚያው ክንፉ ላይ ረሳሁት። አውሮፕላኑ መንቀሳቀስ ሲጀምር ባልዲው ወረደና እየተንኳኳ ተንከባሎ ሊጎበኙን ከመጡ ጄኔራል እግር ሥር ቆመ። አዛዣችን "የማን ነው?" ሲሉ ሃምሳ ጣት ወደ እኔ ተቀሰረ። ከዚያ ወዲያ ማን እንደተባልኩ አልጽፍልሽም፤ እናትሽ ይህን ሳታነብ አትለቀውም፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ነጎድጓድ ያገባች ነው የሚመስላት።

ግን ይህን ልንገርሽ። እስከዚያ ቀን ድረስ ስድስት ወር ምሳዬን ብቻዬን ነበር የምበላው። ስሙ ከወጣልኝ በኋላ ቦታ ይያዝልኝ ጀመር። ሰኞም ወረቀቱን ከማስገባትሽ በፊት ምግብ ቤት ግቢ። "ጥንቸል፣ ነይ ወዲህ!" ብሎ ወንበር የሚስብልሽ ካለ መልቀቂያውን ቅደጂው። ከሌለ ነይ፤ ቤትሽ ነው፤ አንድ ቃል አይወጣኝም።

ሌላም አለ። ባልዲ 77 የሚባል አንድ ባለጌ ሽማግሌ በየፎቶሽ ሥር "ጥንቸሌ፣ በርቺ" እያለ እንዳሾፈብሽና ብሎክ እንዳደረግሽው ለእናትሽ ነግረሻታል። ሰውየውን አውቀዋለሁ። አላሾፈም። በእሱ ዘመን የተወደደ ሰው የሚጠራው ጓደኞቹ ባወጡለት ስም ስለሆነ ደስ የሚልሽ መስሎት ነው። ሴት ልጅ አለችው፤ ካምፕ ከገባች ወዲህ ናፍቃዋለች። ይኸው ሦስት ሳምንት ሙሉ "በስልክሽ የልጅቷን ፎቶ ክፈቺልኝ" እያለ ሰኪናን መግቢያ መውጫ አሳጥቷታል። እባክሽ ክፈቺለት።

ስትነሺ ነፋሱ ይታዘዝልሽ፤ ስታርፊ ምድሩ ይለስልስልሽ። የእናትሽ ጸሎት ከላይም ከታችም ይክበብሽ።

የሚወድሽ
አባትሽ