ከጉድጓዱ እንዴት እንደወጣህ

የማርታ አባት፣ የኔ ነገረኛ፤

ከተለየኸን በረዶው ሄዶ ተመልሶ መጣ። እንደምን ነህ ብዬ ልጽፍ እጄ ይሄዳል፤ ልማድ ነው።

እኛ እዚሁ ሰው አገር፣ ኢስት ዮርክ እዚያው ቤት ነን። ሊፍቱ ዛሬም ይበላሻል። እኔ ከሥራ ቤት፣ ከቤት ሥራ ነኝ። ግድግዳው እየጠበበብኝ መጥቷል፤ መስኮቱን ልክፈት ብል ከአራት ጣት በላይ አይከፈትም።

ልጅ ሳለህ ዳውሮ፣ እንሰት ለሚያበላሽ ከርከሮ የተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ መውደቅህን ለማርታ ትነግራት የለ? ሁሌ ጉድጓዱ ውስጥ ስትደርስ የቀረው ነገ ትላታለህ፤ እሷ ታኮርፋለች፣ አንተ ትስቃለህ። የቀረውን ሳትነግራት ልብህ ቀጥ አለ። እኔም የአዲስ አበባ ልጅ፣ ከርከሮ በዓይኔ ያላየሁ፣ ጠይቄህ አላውቅም። አንዴ ከራሴ ጨምሬ ብነግራት ስንት ቀን አሾፍክብኝ!

ባለፈው ሰሞን ምን አለችኝ መሰለህ፤ “ማሚ፣ አባዬ እስካሁን ከጉድጓዱ አልወጣም እንዴ?”

ስትቀበር አይታለች። ሁለቱን ጉድጓድ አንድ አድርጋዋለች። ወጣ እንዳልላት እንዴት እንደወጣህ አላውቅም፤ አልወጣም ብዬስ እንዴት አድራለሁ? ሳህን ላጥብ ብዬ ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ።

እህትህ አበበች ጋ ደወልኩ። እንዲህ ያለ ወሬ በቀን አይወራም፣ ሲመሽ ደውዪ ብላ ዘጋችብኝ፤ ያው ያንተ እህት አይደለች። እዚያ ሲመሽ እዚህ እኩለ ቀን ነው። ቅዳሜ ማርታ መጋረጃውን ዘጋግታ፣ ወንበርህ ላይ ስልኩን ታቅፋ ሰማች። ለካ ወንዶቹ ገበያ ሄደው፣ መሰላል የሚያመጣ ጠፍቶ፣ እናትህ ጉድጓዱ አፍ ላይ በደረቷ ተኝታ ተረት ስትነግርህ አምሽታለች። አንተ ከታች “ከዚያስ?” ትላለህ። መጥተው ሲያወጡህ ደግሞ ተረቱ ሳያልቅ አልወጣም ብለህ አለቀስክ አሉ።

ማርታ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ወጥቷል፣ አለች፤ ሌላ አልጠየቀችኝም።

እኔ ግን አልዋሽህም፣ ገና አልወጣሁም። ጠዋት ተነሥቼ ጫማዬን ማሰር ራሱ ይከብደኛል። ቢሆንም ቅዳሜ ቅዳሜ ለአበበች እንደውላለን፤ የሰማሁትንም ማታ ማታ ለማርታ ሳልጨምር ሳልቀንስ እነግራታለሁ። አንተን የምረሳበት ቀን የለኝም።

ይብቃኝ፣ ማርታ ከአልጋዋ ሆና “ከዚያስ?” እያለችኝ ነው።