ጊታርህ እዝዝ ማለቱን ተወ

ይድረስ ለኔ ጌታ፣ ለጌትዬ፤

ከተለየኸኝ ዓመት ሞላህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ዛሬማ ደስ ብሎኝ ወሬውን ከየት እንደምጀምርልህ ጠፍቶኛል። እዚህ ዱባይ፣ ናህዳ ያለው ቤታችን ያው ነው፤ ብቻ አልጋውን ወደ መስኮቱ አዙሬዋለሁ። ማስኩን ለምደነዋል፣ ሰው የሚተዋወቀው በዓይኑ ሆኗል። አምቡላንሱ ሲወስድህ ከማስክህ በላይ ያየሁት ዓይንህ አሁንም ይመጣብኛል።

ወሬው የጊታርህ ነው፤ ከተጣለ የቁም ሳጥን በር ቆርጠህ የሠራኸው። ከሥራ ስትገባ ልብስህን ሳትቀይር ስፒከሩ ላይ ትሰካዋለህ፣ እሱም እዝዝ ይላል። እጅህ ክሮቹ ላይ ሲያርፍ ቀነስ ይላል፣ ስታነሳ ይመለሳል። ይሄ ጊታር ነው የንብ ቀፎ እያልኩ ስቀልድብህ ትስቅ ነበር። ለእናትህ ግን በስልክ ለማሰማት አፈርክበት፤ ድምፁ ሲጠራ አሰማሻለሁ እያልካቸው ሄድክ።

ሙት ዓመትህ ሲቃረብ እማማ ደወሉ። በበሽታው ምክንያት ለቅሶህ ላይም ሰው እንዳልተሰበሰበ፣ አሁንም በጥቂት ሰው እንደሚያስቡህ ነገሩኝና፣ ልጄ የሠራው ነገር ድምፁ ምን ይመስላል ብለው ጠየቁኝ። ለሙት ዓመቱ አሰማዎታለሁ አልኳቸው። አፌ ቀደመኝ።

ጋርሁድ ሰፈር አብሮህ ይሠራ የነበረው ኤሌክትሪሻን፣ አብርሽ፣ በቪዲዮ አስረዳኝ። ጊታሩ ውስጥ ሽቦዎቹ ያሉበት ጉድጓድ የመብራቱንም የስልኩንም ጩኸት ከአየር ላይ ስለሚለቅም፣ ውስጡ ብረት ነክ ነገር ለብሶ ከግራውንዱ ሽቦ ጋር መያያዝ አለበት አለኝ። የወጥ ቤት ፎይል ይሆናል ወይ ስለው ሙሽኪላ የለም፣ ችግር የለውም አለ። ሊጨምርልኝ ሲል፣ የማዳምን ኩሽና ስንት ዘመን የያዝኩ ሴት ፎይል ላይ ማን ያስተምረኛል ብዬ ዘጋሁበት። ዶሮ ለኦቨን እንደምጠቀልለው፣ ጠርዝ ሳላስቀር አለበስኩት። ፎይሉ የብየዳውን እርሳስ አልይዝ ሲል ሽቦውን በብሎን ጠፈርኩበት። ስሰካው ጩኸቱ ጭጭ አለ። እልል ልል ስል ክሩን ነካሁት፤ እሱም ጭጭ።

አልዋሽህም ጌትዬ፣ ገደልኩት ብዬ ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አብርሽ ሳቁን መያዝ አቅቶት፣ መሰኪያው ጋ ድምፁን የሚያወጣውን የብረት እግር ፎይሉ ስለነካው ድምፁ ሁሉ ወደ ግራውንድ መሄዱን ነገረኝ። “እትዬ ትርንጎ፣ ዶሮ አይደለም እኮ፤ መተንፈሻ ተይለት” አለኝ። እዚያ አካባቢ ፎይሉን በምላጭ ልጬ፣ ዳሩን በፕላስተር ሸፈንኩት።

ዛሬ እማማ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው ጠበቁኝ። ያስተማርከኝን አንዲት የአንቺሆዬ ዜማ እየተደናበርኩ ተጫወትኩላቸው። ስጨርስ እጄን ከክሮቹ አነሳሁ። እዝዝታ የለም፤ የእማማን ትንፋሽ ሰማሁ። “ልጄ ሲያወራም እንዲህ ቀስ ይል ነበር” አሉኝ። ድገሚው አሉ፣ ደገምኩላቸው።

እንግዲህ ደስታዬን የምነግረው ላንተው ነው። ደግሞ ታምነኛለህ፣ ያ ጩኸት ናፈቀኝ፤ እሱን ስሰማ ነበር ቤት መግባትህን የማውቀው። ሁለተኛ ዜማ አላውቅም፣ ግን እማራለሁ። ጣቶቼ እምቢ እስኪሉ ድረስ፣ ሙት ዓመትህ በመጣ ቁጥር አንድ አዲስ ዜማ ይዤ እጠብቅሃለሁ።

ያንተው ትርንጎ