አሥራ ሦስት ቁልፍ አቀብይኝ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 4

ታላቅ ወንድሜ ጋሼ እንደ ልማዱ መጣ። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ፣ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ... "ለእኔ መቼ መጣህ፣ ለአሮጊቷ ነው" እያልኩ አሾፍበታለሁ። አሮጊቷ ረጅሟ የናፍጣ ስቴሽን ዋገን መኪናዬ ናት። መጋረጃ ለምሰቅልላቸው ደንበኞቼ የምወስደውን ብረት ከነርዝመቱ ዋጥ የምታደርግ።

ከሥሯ ገባ። እግሩ ብቻ ውጭ። ወንድሜ ወሬ የሚወጣው እዚያ ሲገባ ነው። ፊት ለፊት ከተቀመጥን "ደህና ነሽ?" "ደህና ነኝ"... አለቀ። ከመኪና ሥር ግን ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ጋራዡ አለቃ፣ ብቻውን መኖር እንደሰለቸው፣ ሁሉን ይዘረግፈዋል።

ዛሬ ደግሞ፣ "ሐኪም ጋ ሄጄ ነበር" አለ።

"ምነው? ምን ሆነህ?"

"አሥራ ሦስት ቁልፍ አቀብይኝ።"

የብሎን መፍቻውን አቀበልኩት። ከዚያ ወሬው ወደ ውሃ ፓምፑ ዞረ። አልቆለታል፣ ፈልጌ አመጣልሻለሁ አለ። "ሐኪሙስ?" ስለው፣ "በሚቀጥለው እነግርሻለሁ፣ አትጨቅጭቂኝ።" እጁን በዱቄት ሳሙና ታጥቦ፣ ሻዩን ጠጥቶ ሄደ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 9

ጎረቤቴ መምህርቷ ዛሬም ልብሷን ከገመድ ላይ እየለቀመች፣ "ያቺ ባቡርሽ በጭስ ልትፈጀን ነው" አለችኝ። ሳቅኩ። ግን ከነከነኝ። ደንበኛ ቤት ስደርስም ሰው በመስኮት ብቅ ይላል፣ እኔን ሳይሆን ጭሱን ለማየት። አፈርኩባት መሰለኝ...

ከሰዓት መኪና መሸጫ ሄጄ አንዷን አየሁ። ከፍ ያለች፣ ግማሽ ቤንዚን ግማሽ ባትሪ። ሃይብሪድ። ሻጩ አሮጊቷን በለውጥ እንቀበላለን አለኝ። ለጋሼ ልንገረው? አይ... ይከራከረኛል። ከለወጥኩ በኋላ ይሻላል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 14

ለወጥኩ። መንደቅደቅ የለ፣ ማጓራት የለ። "ተነስታለች እንዴ?" ብዬ ጠየቅኩ፤ ለካ እየሄድን ነው! ሻጩ ሳቀብኝ። ቤት እስክደርስ እንደ ልጅ ደስ ብሎኝ ነበር። የመጋረጃው ብረት ግን አልገባም። የኋላው በር አልዘጋ አለ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 18

ጻፊው፣ አንቺ ሴትዮ።

የሥራ ልብሱን ለብሶ፣ ፓምፑን በጨርቅ ጠቅልሎ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ግቢውን አየ። "የት አለች?" ነገርኩት። "ደግ አደረግሽ፣ አርጅታ ነበር" አለኝ። የአዲሷን ኮፈን ሊከፍት ጠጋ ሲል፣ ከሸጠልኝ ካምፓኒ ሰዎች በቀር ማንም እንዳይነካት መባሌን ዓይኔን በጨው አጥቤ ነገርኩት። ምን ነካኝ?

"እንግዲያው እኔ ምን ልሠራ መጣሁ?" ብሎ ሳቀ። ሳቁ ደስ አላለኝም።

"ፓምፑ ለሌላ መኪና አይሆንም?"

"አይሆንም።"

መስኮቱ ላይ አስቀመጠው። ሊታጠብ ወደ ውጭው ቧንቧ ሄደ፣ እጁን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አየና ንጹሕ መሆኑን ሲያውቅ ተመለሰ። ሻይም አልጠጣ። ስለ ሐኪሙ ሳልጠይቀው ሄደ። ረሳሁ... እንዴት እረሳለሁ?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 2

አልመጣም። ስደውልለት "ሥራ በዛብኝ" አለ። ሐኪሙስ? "ደህና ነኝ፣ ሚጣዬ።"

ሰኞ፣ ኅዳር 11

ጉድ ሠራሁ። ማደያው ጋ አፌ ለምዶ "ናፍጣ ሙላልኝ" አልኩት ቀጂውን። "እርግጠኛ ነዎት?" ቢለኝ ተቆጣሁት። የመሙያው አፍ ጠቦት እንደምንም አንቆረቆረልኝ። ሦስት መታጠፊያ ሳላልፍ ቀጥ አለች!

የደወልኩት ለካምፓኒው አይደለም፣ ለጋሼ ነው። "አጥፊያት። እንዳትነኪያት" አለኝና በአውቶብስ መጣ። ሲወርድ የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ ስቶ ሊወድቅ ነበር። "እያየህ እንጂ!" ብዬ ጮህኩበት። ለካምፓኒው አስደውሎኝ ጎታች መኪናዋ እስክትመጣ አጠገቤ ቆመ። ሰዎቹ ሲደርሱ፣ "አባት፣ ዞር ይበሉ" አሉት። ሠላሳ ዓመት ሞተር ሲፈታ የኖረውን ሰው! ዞር አለላቸው። አንጀቴን በላው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 16

"የማድ ቤቱ ቧንቧ ያፈስብኛል፣ ድረስልኝ" አልኩት። ጠዋት ራሴ ነኝ የፈታሁት።

ዕቃውን ይዞ መጣ። ከማጠቢያው ሥር ገባ። እግሩ ብቻ ውጭ። እኔም ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

"ማነው እንዲህ አድርጎ የፈታው?"

"እኔ እንጃ።"

መጋጠሚያውን በእጁ እያዞረ፣ "ያኔ ሐኪሙ ያየኝ ዓይኔን ነው። ቶሎ ኦፕራሲዮን ይሠራ፣ አስታማሚ ይዘህ ና አለኝ። ጥቅምት ሃያ ነበር ቀጠሮዬ።"

"ሄድክ?"

"ከማን ጋር?"

ወደ እግሩ ጠጋ አልኩ።

"አሁን የግራው አልቆለታል ይላሉ። የቀኙን ሰኞ ያዩታል።"

"ለምን አልነገርከኝም፣ ጋሼ?"

"መቼ ልንገርሽ፣ ሚጣዬ?"

ስልክ ነበረ፣ አውቶብስ ነበረ፣ ቤቱን አውቀዋለሁ። ጭስ አሳፍሮኝ ወንድሜን... አልጨርሰውም።

"አሥራ ሦስት ቁልፍ አቀብይኝ" አለ። እጁ ወጥቶ በግራ በኩል አየሩን ዳበሰ። እኔ ቀኙ ጋ ነበርኩ። ቁልፉን መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት፣ እጄንም ቶሎ አላነሳሁም።

ሰኞ አብሬው እሄዳለሁ።