ስለ ጉልበቱ ተጠይቄ ስለ ጠባዩ መለስኩ

ለምወድህና ለማከብርህ ታላቅ ወንድሜ፣ ለወንድም ጋሼ ሳህሉ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እማዬስ እንዴት ናት፣ ደም ግፊቷ ረገብ አለላት ወይስ አሁንም መድኃኒቷን ለጎረቤት ታካፍላለች? ባለቤትህ ሮማንወርቅ ደህና ናት? ልጅህ ኪዲስ የፊት ጥርሷ በቀለላት? ጾሙ እንዴት ይዟችኋል? እኔ ፈጣሪ ይክበር ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም። ብርዱን እንደሆነ ለምጄዋለሁ። የለንደን ሰው ብርድ ሸሽቶ ቤቱ ሲገባ እኔ ብርድ ፍለጋ ሥራ እገባለሁ።

ደብዳቤህ ደርሶኝ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የክለቡ ቦርድ ከፋሲካ በኋላ ተቀምጦ ስለ ውልህ እንደሚወስን፣ የስፖርት ጋዜጠኞቹም በሠላሳ አምስት ዓመቱ ከቡድኑ ሁሉ የበለጠ ደመወዝ የሚበላ አጥቂ ዘንድሮ ያገባው አራት ጎል ብቻ ነው እያሉ እንደሚያብጠለጥሉህ ጽፈህልኛል። በአንተ ደመወዝ ሁለት ወጣት ይገኝበታል የሚሉም አሉ ብለሃል። ከሁሉ የከበደኝ ግን መጨረሻ ላይ የጠየቅኸኝ ነው። አንቺ አታቆላምጪኝም፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ የሚከፈለኝ ይገባኛል ወይስ በክብር ጫማዬን ልስቀል ብለሃል። በስልክ ልመልስልህ ሁለት ጊዜ ደወልኩና ሁለቱንም ጊዜ ስለ ዝናብ አውርቼ ዘጋሁት። አብራኝ የምትኖረው ማሚቱ ሐሙስ ወደ አገር ቤት ስለምትበር ይህን በእጇ ልኬልሃለሁ።

መልሴን ከመስጠቴ በፊት እዚህ የሆነውን ልንገርህ፤ እኔው ራሴ ያበላሸሁት ነገር ነውና። የምሠራው በበረዶ መንሸራተቻ አዳራሽ ውስጥ እንደሆነ ታውቃለህ። አዳራሹ የራሱ የሆኪ ቡድን እንዳለው ግን ነግሬህ አላውቅም። የበረዶ ሆኪ ማለት ስድስት ስድስት ሰዎች ከጫማቸው ሥር ስለት አስረው፣ ቆልማማ ዱላ ይዘው፣ የጫማ ቀለም ቆርቆሮ የምታክል ጥቁር ጎማ በበረዶ ላይ የሚያሳድዱበት ጨዋታ ነው። በትከሻ መጋጨት የተፈቀደ ነው፤ ዳኛው ቆሞ ያያል። አንድ ደቂቃ እንኳ በቅጡ ሳይሞላቸው ደክሟቸው ይወጡና አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ፣ ሌሎቹ ይገባሉ። አንተ ዘጠና ደቂቃ በአቧራ ላይ ስትሮጥ የኖርክ ሰው ይህን ስታነብ እንደምትስቅ አውቃለሁ። እኔም ስቄ ነበር።

በዘጠና ሰባቱ ምርጫ ማግስት ከአገር ወጥቼ እዚህ ስደርስ የመጀመሪያ ሥራዬ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ጽዳት ነበር። ቀጥሎ ጫማ ማከራየት። ስለቱን ይስሉ የነበሩት ሽማግሌ ጡረታ ሲወጡ ሙያውን ለእኔ አስተምረውኝ ሄዱ። አሁን ከአዳራሹ ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል አለችኝ፤ በውስጧ የሚሽከረከር የመሳያ ድንጋይ፣ መነጽርና አንድ በርጩማ። የሆኪ ጫማ ስለት እንደ ቢላዋ አይደለም፤ ከሥሩ በመሃሉ ቀጭን ቦይ አለው። ቦዩ ሲጠልቅ ስለቱ በረዶውን ይነክሳል፣ ተጫዋቹ ቶሎ ይታጠፋል፣ ግን እግር ያደክማል። ቦዩ ሲሳሳ ጫማው በቀላሉ ይንሸራተታል፣ እግር ያሳርፋል፣ ግን አይነክስም። እኔ ጨዋታውን አላይም፤ ከክፍሌ አልወጣምና። የማን እግር እንዴት እንደዋለ ግን ከስለቱ አውቃለሁ።

ከተጫዋቾቹ ሁሉ ብዙ የሚከፈለው ግራንት የሚባል ካናዳዊ አጥቂ ነው። ዕድሜው ሠላሳ ሰባት ነው፤ በእነሱ ጨዋታ ሽማግሌ ማለት ነው። ወጣቶቹ ቀን ቀን ሌላ ሥራ እየሠሩ በትርፍ ጊዜያቸው ሲጫወቱ ለእሱ ቤትና መኪና ጭምር ተሰጥቶታል። ዘንድሮ ጎሉ ሲያንስ በሻይ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ ሌላ ወሬ አልነበረም። አንዱ የሱ ደመወዝ ሁለት ወጣት ይቀጥራል ይላል፤ ሌላው ስሙ ብቻ ትኬት ይሸጣል ይላል። ልዋሽህ አልችልም፣ እኔም በሆዴ ከመጀመሪያው ወገን ነበርኩ። እኔ በወር የማገኘውን እሱ በሳምንት ሲወስድ፣ ያውም አንድ ደቂቃ ተጫውቶ ሦስት ደቂቃ እየተቀመጠ፣ ቅናት ያዘኝ። ሰውየው ግን ደግ ነው። ቃልኪዳን የሚለውን ስም አስተካክሎ ለመጥራት የሚታገል ከዚያ ሁሉ ሰው እሱ ብቻ ነው።

ከገና ወዲህ ቦዩን እንዳሳሳለት ሁለት ጊዜ ለመነኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ የቀኙ ስለት እንደ ወሰደው ስል ሆኖ ይመለስ ጀመር፤ የሚደንዘው የግራው ብቻ። በቀኝ እግሩ በረዶውን እየገፋ አይደለም ማለት ነው። ጉልበቱን እንዳመመው ከእሱ ሌላ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እሱም ማወቄን ያውቃል። ዓይን ለዓይን እንተያይና ጫማውን ተቀብሎኝ ይሄዳል።

አንድ ቀን የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ማርቲን ሁለት ኩባያ ሻይ ይዞ ወደ ክፍሌ መጣ። ስለቱን የምትይዢው አንቺ ነሽ፣ ሰውየው አልቆለታል ወይስ ገና ነው ብሎ ጠየቀኝ። ወንድም ጋሼ፣ በእኛ ቤት እንዴት እንዳደግን ታውቃለህ። የሰው ጉድለት ሰውየው በሌለበት አይነሳም፤ እማዬም ዝም አይነቅዝም እያለች ነው ያሳደገችን። እኔም ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ግራንት እኮ በጣም ጥሩ ሰው ነው አልኩት። ያከበርኩት መስሎኝ። ማርቲን አመሰግናለሁ፣ ገብቶኛል ብሎ ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ። ስለ ጉልበቱ ተጠይቄ ስለ ጠባዩ መለስኩ። እዚህ አገር ደግሞ የተጠየቅኸውን ትተህ ሌላ ከመለስክ መልሱን ሰጥተሃል ማለት ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ግራንት አልተሰለፈም። ውሉም አይታደስም ተባለ። ሦስት ጨዋታ ያለሱ ተጫወቱ፣ ሦስቱንም ተሸነፉ። መሸነፉስ አይገርመኝም፣ ከዚያ በፊትም ይሸነፋሉ። የገረመኝ ድምፁ ነው። ድንጋዩን ሳጠፋ ጨዋታው በግድግዳው በኩል ይሰማኛል፤ ግራንት ሲኖር ከሁሉ በላይ የሚሰማው የሱ ድምፅ ነበር። በረዶ ላይም ሆነ አግዳሚ ላይ፣ ወጣቶቹን በየስማቸው እየጠራ፣ ጊዜ አለህ፣ ከኋላህ ነው፣ ወደ ግራ ስጥ እያለ እስከ መጨረሻው አያርፍም። ሁልጊዜ ስለምሰማው ልብ ብዬው አላውቅም። እሱ ሲጠፋ ወጣቶቹ መጀመሪያ እርስ በርስ ይሰዳደቡ ጀመር። በሦስተኛው ጨዋታ ስድቡም ቀረ፤ የጫማ መፋጨት ብቻ ነበር የሚሰማው። ተሸማቀቅኩ ወንድም ጋሼ፤ የእኔ ሥራ ነበረና።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ለጋሽ ኪዳኔ ነገርኳቸው። ጋሽ ኪዳኔ ካሌዶኒያን ሮድ ላይ ትንሽ ምግብ ቤት ያላቸው፣ በደብራችን የተጣላ ባልና ሚስት ሲኖር የሚጠሩ ሰው ናቸው። ሰምተውኝ ሲያበቁ፣ ይሄ ሶሪ ብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም ልጄ፣ የሰው እንጀራ ነው፣ በሽማግሌ ነው የሚኬደው፣ ብቻ አንቺ ልምምዳቸው መቼ እንደሆነ ቼክ አድርጊ አሉኝ።

ማክሰኞ ሙሉ ልብሳቸውን ከነክራቫታቸው ለብሰው፣ አንድ ድፎ ዳቦ በፌስታል ይዘው መጡ። ግራንትን መኪና ማቆሚያው ጋ ዕቃውን ሲጭን አገኘነው። ጋሽ ኪዳኔ ኮፍያቸውን አውልቀው ከአዳምና ሔዋን ጀመሩ። ዕርቅ ደም ያደርቃል የሚለውን ወደ እንግሊዝኛ ሲያዞሩት የግራንት ፊት ተለዋወጠ። አባቴ መስለውት፣ ምን በደልኩ በሚል ዓይን ወደ እኔ አየ። መሃል ገብቼ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት፤ ማርቲን የጠየቀኝን፣ እኔ የመለስኩትን፣ ዓይኔን መሬት ላይ መትከሌን ጭምር።

ግራንት የያዘውን ዕቃ አስቀምጦ የመኪናውን በር ተደገፈ። ከዚያ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ያመኛል፣ መናገር የነበረብኝ እኔ ነኝ፣ አንቺ አንድ ወር ዝም ብትይ እኔ አራት ወር ዝም ብያለሁ አለ። ጉልበቴን ከሰሙ ደመወዜን ይቆርጣሉ ብዬ ደበቅኩ፣ ስደብቀው ደግሞ ሰነፍ መሰልኩ አለ። ድፎውን ተቀብሎ እዚያው ቆርሶ ቀመሰው። ለጋሽ ኪዳኔም ቆረሰላቸው።

ነገሩ እዚያ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ጋሽ ኪዳኔ ግን ዕርቅ በአንድ ወገን አይቆምም ብለው ሁለታችንንም ወደ ማርቲን ቢሮ ነዱን። ግራንት ስለ ጉልበቱ በራሱ አፍ ተናገረ። ሙሉ ጨዋታ እንደማይችል፣ ጥቂት ጥቂት እየገባ የቀረውን ጊዜ አግዳሚ ላይ ከወጣቶቹ ጋር ሊሠራ እንደሚፈልግ ነገረው፤ ደመወዙም እንደዚያው ይስተካከል አለ። ማርቲን ጋሽ ኪዳኔ ማን እንደሆኑ የነገረው ስለሌለ ጠበቃ መስለውት በጣም ያከብራቸው ነበር። ኋላ ወደ እኔ ዞሮ፣ አሁንስ ምን ትያለሽ አለኝ። ቀና ብዬ መለስኩለት። እግሩ የምትከፍለውን ያህል አይሠራም፣ ስለቱ አይዋሽም አልኩት። ነገር ግን እኔ ጨዋታችሁን የማውቀው በጆሮዬ ነው፣ እሱ ሲወጣ ቡድንህ ድዳ ሆኗል፣ ለእግሩ የምትከፍለውን ቀንስና ለአፉ ክፈለው አልኩት። ሁለቱም ሳቁ። ጋሽ ኪዳኔ ብቻ በሽምግልና ላይ አይሳቅም ብለው ተቆጡ።

በመጨረሻ ደመወዙ ተቀንሶ እስከ ውድድሩ ማብቂያ እንዲቆይ ተስማሙ። ለሚመጣው ዓመት ሐኪም ካየው በኋላ ይነጋገራሉ። ተአምር አልሆነም። ከተመለሰ ወዲህ ሁለት ጨዋታ ነበር፤ አንዱን አሸነፉ፣ አንዱን ተሸነፉ፣ እሱም ጎል አላገባም። ባለፈው ቅዳሜ ድንጋዩን አጥፍቼ ወጥቼ አየሁ። አሥር ደቂቃ እንኳ የተጫወተ አይመስለኝም። አንድ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ግን ጎል አግብቶ ሲመለስ ከሁሉ አስቀድሞ የሄደው አግዳሚ ላይ ወደ ተቀመጠው ወደ ግራንት ነው። ሻይ ቤት ውስጥ ክርክሩ ዛሬም አልበረደም። እኔ ግን ወገኔን ቀይሬያለሁ።

እንግዲህ ወደ አንተ ልመለስ። አራት ገጽ ጽፈህልኛል። ስለ ጋዜጠኞቹ አለ፣ ስለ አዲሱ አሠልጣኝ አለ፣ ስለ ሜዳው ሣር መድረቅ እንኳ አለ። ስለ ጉልበትህ አንዲት ቃል የለችም። እማዬ ግን ነግራኛለች። ደረጃ ስትወርድ ግድግዳ እንደምትይዝ፣ ለስግደት በቀኝህ እንደማትንበረከክ፣ ሮማንወርቅ በሙቅ ውሃና ጨው ስታሽልህ በሩን እንደምትዘጉ። እማዬን እንዳትቆጣት፤ በዚህ ዕድሜዋ ዝሙ ቢነቅዝባት ነው።

እውነቱን ንገሪኝ ብለሃልና ልንገርህ። የሚከፍሉህ ለጎልህ ብለው ከሆነ አይገባህም። ይህን ስጽፍ እያለቀስኩ ነው፣ ቢሆንም አይገባህም። ነገር ግን አንተ ለጎል ብቻ የምትሠራ ሰው መቼ ነህ? ከክፍለ ሀገር የሚመጡት ልጆች ማረፊያ እስኪያገኙ አንተ ቤት እንደሚከርሙ፣ ደመወዛቸው ሲዘገይ ስለ እነሱ ቢሮ የምትገባው አንተ እንደሆንክ፣ ከልምምድ በኋላ አንድ ሰዓት ቆይተህ እንደምታስጠናቸው አውቃለሁ። ቦርዱ ይህን አያውቅም፤ አንተም አትነግራቸውም፣ በእኛ ቤት ራስን ማሞገስ ነውር ነውና። ስለዚህ የሚያዩት ጎልህን ብቻ ነው፤ ጎሉ ደግሞ አራት ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ከፋሲካ በፊት፣ ማንም ሳይጠራህ፣ ወደ ሊቀ መንበሩ ሂድ። መጀመሪያ ጉልበትህን ንገራቸው፤ ስንት ደቂቃ እንደምትችል ሳትጨምር ሳትቀንስ። ቀጥለህ ለልጆቹ የምትሠራውን ንገራቸው። አፍህ ካልታዘዘልህ አንድ ሽማግሌ አስከትል፤ ድፎም ቢኖር አይጎዳም። ደመወዝህን ይቀንሱ ይሆናል፣ በቃህ ይሉህም ይሆናል። እኔ ግን እንደሚያቆዩህ ተስፋ አለኝ፣ ተስፋዬም ትልቅ ነው። እውነቱን አውቀው የሚቆርጡልህ ዋጋ ትንሽም ቢሆን ያንተ ነው፤ አንገትህን ሳትደፋ ትበላዋለህ። የምፈራው ሌላ ነው። አንድ አንተን የሚወድ ሰው ስለ ጉልበትህ ይጠየቅና፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ ሳህሉ እኮ በጣም ጥሩ ሰው ነው ይላል። ያን ጊዜ ያልቅልሃል።

እማዬን ጉልበቷን ስሜያለሁ በላት፤ የደም ግፊት መለኪያ በማሚቱ እጅ ልኬላታለሁ፣ ለጎረቤት እንዳታውሰው። ሮማንወርቅን እጅ ነስቻለሁ በልልኝ፤ በሩን መዝጋቱን ትተው። ለኪዲ ቸኮላት አለ፣ ጥርሷ ካልበቀለ ግን ከፋሲካ በኋላ ስጧት። አንተን ደግሞ ጾሙን በሰላም አስፈጽሞ በደስታ ፊት ያገናኘን። ቀኝ ጉልበትህንም ሰላም በልልኝ፤ ትኬቴ የተቆረጠው በሱ ሮጠህ ባገኘኸው ገንዘብ ነውና፣ እኔን እዚህ ያደረሰኝ እሱ ነው።

እህትህ ቃልኪዳን

ለንደን፣ ኬንቲሽ ታውን
መጋቢት 4 ቀን 2003 ዓ.ም.