ጂፗ ቴፒ በሄደችበት ቀን

ውድ ኃይሉ፣

ከተለየኸን ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። እስካሁን ያልጻፍኩልህ የምነግርህ አጥቼ አይደለም፤ ያለኝን ሁሉ መቃብርህ ድረስ እየመጣሁ ስለምነግርህ ነው። ዛሬ ግን ከቤት መራቅ አልችልም። ልጅህ ጂፕህን ይዛ ቴፒ ሄዳለች፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ ስልኳ አይሠራም፣ እኔም በረንዳው ላይ ተቀምጬ መንገድ መንገዱን አያለሁ። ፍርሃቴን የሚያውቅልኝ ሰው አንተ ብቻ ስለነበርክ ላንተው እጽፋለሁ።

የፈራሁትን ከመናገሬ በፊት የቤቱን ልንገርህ። ጓሮ ትተሃቸው የሄድካቸው ሁለት የሞቱ ጂፖች እዚያው ናቸው። አንደኛዋ ውስጥ ዶሮዋ ፈልፍላለች፤ በሁለተኛዋ ወለል ቀዳዳ የቡና ችግኝ በቅሎ በመሪው መሀል ወጥቷል። አልነቀልኩትም። ከሚዛን ቴፒ የሚወስደው መንገድ አስፋልት ሊሆን ነው ይላሉ፤ እስከዚያው ግን ቆፋፍረውት ከድሮው ብሶበታል። ማርታ ኮሌጅ ጨርሳ እዚሁ ሚዛን ታስተምራለች። ቁመቷ ያንተ ነው፣ ግትርነቷም ያንተው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ልብሷን ሳትቀይር ጂፗ ሥር ትገባለች፤ ስንት ቀሚስ በግሪስ እንዳበላሸች ብነግርህ ትስቅ ነበር እንጂ አትቆጣም።

ጂፗን ከሸዋ ቤንች በጭነት መኪና ያመጣሃት ቀን ትዝ ይልሃል? የዛገ ቆርቆሮ ክምር ነበረች። እኔ የዶሮ ቤት ልትሠራበት መስሎኝ ጎሽ ብዬህ ነበር። የጦር ሠራዊት ጂፕ ናት፣ በዕድሜ ከኔም ከአንቺም ትበልጣለች ስትለኝ እንደ ትልቅ ሰው የምታከብራት መሰለኝ፤ ታከብራትም ነበር። ስንት ዓመት ስትቀጠቅጥና ስትበይድ ኖረህ አንድ ቅዳሜ ስታስነሳት ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አጨበጨበ። በር በሌለው መኪና አስቀመጥከኝና ሸኮ ያለውን ቁልቁለት አወረድከኝ። ሸሚዝህን ይዤ ስጮህ እጅጌው ተቀደደ። አንተ ግን ፍሬኑን ትተሽ እኔን ያዝሽ ብለህ ትስቃለህ።

ደንባችሁን ደግሞ አንተው ነህ ያወጣኸው። በዓመት አንድ ጊዜ የሚዛን፣ የቴፒና የማሻ ጂፕ ወዳጆች ቴፒ ትገናኛላችሁ። ተጭኖ የመጣ ጂፕ አይቆጠርም፤ በራሱ ጎማ መድረስ አለበት። ባለቤቱ የሞተ ጂፕ ከሆነ ደግሞ እስከ ሁለተኛው ስብሰባ ከቤተሰቡ አንዱ ነድቶ ካላደረሰው፣ ዕቃው ተፈታቶ ለሌሎቹ ይከፋፈላል። ቆሞ ከሚዝግ ሌላውን ያስነሳ ብለህ ስታስረዳኝ ብልህ ደንብ መስሎኝ ነበር። ያንተ ተራ ሲደርስ ልጅህን መንገድ ላይ እንደሚያወጣት አላሰብክም፤ እኔም አላሰብኩም። ይፍቷት፣ ይውሰዷት፣ ግልግል ነው አልኳት። የአባዬ መኪና እኔ በሕይወት እያለሁ አትበተንም ብላኝ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። እኔም እንደ ልማዴ ተሸነፍኩ።

አሁን የምነግርህ ነው ያስፈራኝ። ዛሬ ጠዋት ከሄደች በኋላ ግቢውን ስጠርግ፣ ጂፗ ትቆምበት ከነበረው ቦታ ሁለት የተሰበሩ የጎማ ብሎኖች ከመጥረጊያው ጋር ወጡ። ዳዷቸው እላያቸው ላይ ነው፤ ስብራታቸው ገና ያልዛገ፣ የሚያብረቀርቅ። እኔ ስለ መኪና ምንም አላውቅም፣ ይህቺን ግን አውቃለሁ፤ ስንቱን መካኒክ በዚህ ምክንያት ስትረግም ሰምቻለሁ። በሹፌሩ በኩል ያሉት የጂፕህ ጎማዎች ዳዶ እንደ ሌላው መኪና ወደ ግራ ሲዞር አይላላም፣ ይጠብቃል። ይህን ያላወቀ ሰው ሊፈታ ብሎ በመፍቻው ላይ ሲቆምበት ብሎኑ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ለማርታ ጎማ መፍታት አላስተማርካትም፤ ገና እጇ አልጠናም እያልክ ስታቆያት ሞት ቀደመህ። ስለዚህ ሰብራቸዋለች። አንድ ጎማ የሚይዙት ብሎኖች አምስት ናቸው፣ ልጄ በሦስቱ ሄዳለች።

መጥረጊያውን ጥዬ ሮጥኩ። ሙደሲር ባለ መለዋወጫው ሱቁን ዘግቷል፤ ለካ እሱም በራሱ ጂፕ ተከትሏት ሄዷል። መናኸሪያ ሄጄ የቴፒውን ሚኒባስ ሹፌር አረንጓዴ ጂፕ ካየህ አስቁምልኝ ብዬ ለመንኩት። እናቴ፣ በጠዋት ከሄደች በየት በኩል ልደርስባት ነው አለኝ። ልጁ እውነቱን ነው። ቤት ተመልሼ ስደውል ስደውል ዋልኩ፣ ያችው የስልክ ሴትዮ አይገኙም የሚለውን ትደጋግምልኛለች። ዝናቡ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ጎማው ብቻውን ሲንከባለል፣ ጂፗ ወደ ገደሉ ስታዘነብል አያለሁ። አንተን ቀብሬ ቆሜያለሁ። እሷን ግን አልችልም ኃይሉ፣ እውነቴን ነው፣ አልችልም። እዚያ ያሉትን ቅዱሳን ለምንልኝ።

ብዕሩን ጥዬ ነበር። አሁን ቀጥያለሁ፤ መጥታለች።

ፀጉሯ ድረስ ጭቃ ሆና፣ ጥርሷ ብቻ እየታየ ገባች። ሙደሲርም ከኋላዋ። ልቀፋት ወይ በጥፊ ልበላት ሳላውቅ ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚያ እየዳህኩ ሄጄ የግራዎቹን ጎማዎች ብሎኖች በጣቴ ነካኋቸው። አምስት አምስቱም አሉ።

ለካ ትናንት እኔ ለቅሶ ቤት ስውል፣ ጎማ ልትቀይር ስትል ነው የሰበረቻቸው። በድንጋጤ ሙደሲርን ጠራችው፤ ጓሮ ካሉት ጂፖች ሊያወጡ ቢሞክሩ ዝገቱ እምቢ አላቸው። ያንተን የእንጨት ሳጥን ሲከፍቱ ግን አዳዲስ ብሎኖች፣ በትክክል የግራው፣ ግሪስ በጠጣ ወረቀት እንደተጠቀለሉ አገኙ። ቀይረው፣ አጥብቀው፣ ሞክረው፣ እኔ ከመምጣቴ በፊት እጃቸውን ታጠቡ። ስብርባሪውን ማንሳት ግን ረሱ። እንዳትፈሪ ብለን ነው እቴቴ አለኝ ሙደሲር አንገቱን ደፍቶ። አንድ ነገር ግን አልገባው ብሏል። ኃይሉ ይህን ሁሉ ዕቃ ከጅማ ሲያመጣ ጂፗ ምንም አልጎደላትም ነበር፣ ለምን ገዛው አለ።

እኔ ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። በመጨረሻው ዓመት መለዋወጫ ፍለጋ ነው እያልክ ጅማ ትመላለስ ነበር። ደግሞ ለዚህች ቆርቆሮ እያልኩ እነጫነጭብህ ነበር። ኋላ ደክመህ እኔ ደግፌህ ስንሄድ ሐኪሙ በስምህ ጠርቶ፣ ዛሬስ ባለቤትህን አመጣሃት አለህ። ያኔ ገባኝ። ምርመራ ስትመላለስ፣ ባዶ እጅህን ገብተህ እንዳልጠረጥር፣ ከየሱቁ የለቃቀምከው ነው ሳጥኑን የሞላው። እንዳትፈሪ ብዬ ነው አልከኝ አልጋው ላይ ሆነህ። ልክ እንደነሱ።

በዚህ ነገር ተቀይሜህ ኖሬያለሁ። መቃብርህ ላይ ይህን ብቻ ነግሬህ አላውቅም። ዛሬ ደግሞ እኔን ለማታለል የገዛኸው ብሎን የልጅህን ጎማ ይዞ ቴፒ አድርሶ መለሳት። ልቆጣህ ስል አለቅሳለሁ፤ ላመሰግንህ ስል ደግሞ ንዴቴ ይመጣል።

ከሁሉ የከነከነኝ ግን ይህ ነው። እኔ ዛሬ አንዲት ቀን ብቻዬን ስፈራ ዋልኩና ነፍሴ ልትወጣ ነበር። አንተ ያን ሁሉ ጊዜ፣ በጅማ መንገድ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ የተጠቀለለ ብረት ጭንህ ላይ አስቀምጠህ ብቻህን ትፈራ ነበር። አጠገብህ ብቀመጥ ምንም አላድንህም ነበር፤ ግን ሁለት ሆነን እንፈራ ነበር።

ማርታን አጠገቤ አስቀምጬ ይህንን ሁሉ ነገርኳት። ከዛሬ ጀምሮ የተሰበረውን መጀመሪያ ለኔ ንገሪኝ፣ እጮሃለሁ፣ እንቀጠቀጣለሁ፣ ግን ንገሪኝ አልኳት። እሷም ስትመለስ ቁልቁለቱ ላይ እግሯ ፍሬኑ ላይ ይንቀጠቀጥ እንደነበር፣ ስምህን እየጠራች እንደወረደች ነገረችኝ። ከዚያ ጭኔ ላይ ተኝታ እንደ ሕፃን አለቀሰች። አሁን ተኝታለች።

ቴፒ ላይ ወዳጆችህ ሁሉ ስለ ጀግናው ኃይሉ ሲያወሩ ነው አሉ የዋሉት፤ ገደል ለገደል የነዳኸውን፣ ፍሬን በሌለው ጂፕ ማሻ የገባኸውን። ያንን እነሱ ያስታውሱልህ፤ ብዙ ናቸው፣ አይረሱትም። እኔ የማስታውሰው ጅማ መንገድ ላይ፣ አውቶቡስ መስኮት አጠገብ፣ ፈርቶ የተቀመጠውን ኃይሉን ነው። እሱን ማንም አላየውም። እስክሞት ድረስ አጠገቡ ነኝ።

ባለቤትህ አልማዝ