ከአያት የተወረሰው ማንኮራፋት

ለምወድህና ለምትናፍቀኝ አባዬ፤

እንደምን ሰነበትክ? ባሕሩስ እንዴት ይዞሃል? ወገብህ ተሻለህ? ጥርስህስ ተነቀለ ወይስ ዛሬም ሐኪም ፈርተህ በጨው ውኃ እያባበልከው ነው? ያ የመርከብ ሞተር ዛሬም ጆሮህን ይበላዋል? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን ብዬ እንድዘጋው እናትህ፣ አያቴ፣ ከጀርባዬ ቆመው እያዘዙኝ ነው። መንገደኛን በክፉ ወሬ ማስደንገጥ ነውር ነው ይላሉ። እሺ ብያለሁ። መነጽራቸው ግን ሌላ ክፍል ስለሆነ እውነቱን እጽፍልሃለሁ።

ወሬው የትንሹ ወንድሜ ነው። አንተ ስትሄድ ሰፈሩ "አውሎ" እያለ ሲጠራው እንስቅ ነበር። አሁን የሚስቅ የለም። ትምህርት ቤት ወንበር ይገለብጣል፤ ጓደኛውን ነክሷል፤ መምህርቷ ተቀመጥ ስትለው ጠረጴዛ ሥር ይገባል። እቤት ደግሞ ጫማህን እሰር ሲሉት ዓለም የተደፋችበት ይመስል ያለቅሳል። አንዳንዴ ምሳ ሳይደርስ ደብተሩ ላይ ድፍት ይላል፤ ሲቀሰቅሱት ይማታል። መምህርቷ እማዬን አስጠርታ፣ ችግሩ ምን እንደሆነ ካልታወቀ በሚቀጥለው ዓመት አንቀበለውም ብላታለች።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሐኪም በሐኪም ሆነ፤ የጠፋው በሽታው ብቻ ነው። አያቴ የእናቱ ማሞላቀቅ ነው አሉ። ይህን ሲሉ ለአውሎ የደበቁት ከረሜላ ከኪሳቸው ይንኮሻኮሽ ነበር። ወንድምህ መቶ አለቃው ደግሞ፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚያዙት ሰው ስላጡ ይሁን እንጃ፣ ለእኔ ስጡኝ፣ በአንድ ክረምት ሰው አድርጌ እመልሰዋለሁ አሉ። መድኃኒቱን ወገባቸው ላይ ታጥቀውታል። አንተም ባለፈው ደብዳቤህ "ይሂድ" አልክ። እማዬ ደብዳቤውን አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰደችው። የመጀመሪያው ዶክተር ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል፣ ቀልቡ አይረጋም ብሎ ኪኒን አዘዘለት። አውሎ ምግብ አስጠላው፤ ጥግ ይዞ የሹራቡን ክር መምዘዝ ጀመረ። አንድ ቀን አጠገቤ መጥቶ፣ እኔ መጥፎ ልጅ ነኝ እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። አይደለህም አልኩትና የተመዘዘውን ሹራቡን መስፋት ጀመርኩ።

ባለፈው ሳምንት ወደ ሌላ የሕፃናት ሐኪም ሄድን። አያቴና መቶ አለቃውም አንቀርም ብለው ስለመጡ ክፍሉ ውስጥ ወንበር አልበቃንም፤ እኔ ሚዛኑ ላይ ተቀመጥኩ። ሐኪሟ ረጋ ያለች ሴት ናት። የሁሉንም ምርመራ፣ የቀበቶውን ጭምር፣ በትዕግሥት ሰማች። ከዚያ እስከዛሬ ማንም ያልጠየቀንን ጠየቀች፦ እንቅልፉስ እንዴት ነው?

አያቴ ተነቃቁ። እንቅልፍማ ማን ብሎት፣ የሚያንኮራፋው እንደ ወንድ አያቱ ነው፣ ግድግዳ ያንቀጠቅጣል አሉ፣ በኩራት። መቶ አለቃው ቀጠሉ፦ ሟቹ አባታችን ሲያንኮራፉ እንኳን ሌባ፣ ውሻም በደጃችን አያልፍም ነበር! ሐኪሟ አልሳቀችም። እኔ ደግሞ አውሎ አንድ ቀን ሶፋ ላይ እንዳሸለበ፣ ልኬልህ እንድትስቅ ድምፁን በስልኬ ቀድቼው ነበርና ከፈትኩላት።

መጀመሪያ ላይ ሁላችንም ሳቅን። ያንኮራፋል፣ ያንኮራፋል፣ ከዚያ ጸጥ። ጸጥታው አላልቅ አለ። የመቶ አለቃው ሳቅ ፊታቸው ላይ እንዳለ ደረቀ። ከዚያ አውሎ ከውኃ ውስጥ ጎትተው እንዳወጡት ሰው ትንፋሹን ሳበ። ሐኪሟ ጉሮሮውን በመብራት አየችው፤ ቶንሲሎቹ አብጠው ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም። ይህ ልጅ በተኛ ቁጥር ይታፈናል፣ እንቅልፍ ያጣ ልጅ ደግሞ እንደ ትልቅ ሰው በማንጎላጀት ብቻ አያበቃም፣ ይበጠብጣል አለችን። ሆስፒታል አሳድረው ትንፋሹን ሲለኩት እንዳለችው ሆነ። ኪኒኑንም አስቆመችው። ቶንሲሉና ከአፍንጫው ጀርባ ያበጠው ሥጋ በቀዶ ሕክምና መውጣት አለበት። ጠባዩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይስተካከላል ብዬ ቃል አልገባም፣ መጀመሪያ ግን ይተንፍስ ነው ያለችው።

አያቴ ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ ባላቸው ማንኮራፋት አያወሩም። መቶ አለቃው ዛሬም ሥርዓት ያስፈልገዋል ይላሉ፤ አውሎ ሲተኛ ግን ጋዜጣ ይዘው አጠገቡ ይቀመጣሉ። ጋዜጣው የተገለበጠ መሆኑን አልነገርኳቸውም።

አሁን የቀረው አንተ ነህ። እማዬ፣ አባቱ ሳያውቅ ልጄን ቢላ ሥር አላስገባም ብላለች። ድምፁን በሚሞሪ ካርድ አድርጌ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። እንደ አባት አትስማው፤ የአባትህ ማንኮራፋት ነውና ትስቃለህ። እንደ መካኒክ ስማው። በራሱ ጊዜ የሚጠፋ ሞተርን በመዶሻ አይመቱትም፣ አየር የሚገባበትን ይፈትሹለታል ያልከኝ አንተ ነህ። ሰምተህ ስታበቃ "ይሂድ" ያልከውን ሰርዘህ "ይታከም" በለን።

አያቴ ጉልበትህን ከብርድ ጠብቅ ብለውሃል። መቶ አለቃው ሰላምታቸው ወታደራዊ ስለሆነ በወረቀት አይላክም። እማዬ ስትጠየቅ "ደህና ሁን በይው" አለች፤ ከዚያ ተመልሳ "በጣም በይው" አለች። ለመርከቡ ወጥ ቤት ጓደኛህ ሰላም በልልኝ።

አውሎ ሰላምታውን ራሱ ሊያጽፈኝ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። "አባዬ፣ እኔ" ካለ በኋላ ቀኝ ክንዴ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። እንዳልቀሰቅሰው ብዬ በግራ እጄ ነው የምጨርሰው፤ ፊደሉ ቢንጋደድብህ ይቅር በለኝ። እያንኮራፋ ነው። አሁን አቆመ። ቆይ።

ተነፈሰ።

ልጅህ

ከቤትህ፣ ከሳሎኑ ሶፋ ላይ
ቅዳሜ ከሰዓት፣ ግንቦት 16 ቀን