ልደትን ስታመጣት

ቴዎ፣
ልደትን ትምህርት ቤት አድርሼ መኪናውን መልሼ በር ላይ አቁሜዋለሁ። ቁልፉ ፍሪጁ ላይ ነው። ተኝተህ ስለነበር አልቀሰቀስኩህም። ካዛንቺስ ስብሰባ ስላለብኝ ዛሬም የምታመጣት አንተ ነህ።

ከዘነበ ቀስ በል። ጎማው አልቋል፣ ፍሬን ድንገት ከያዝክ ይንሸራተታል። መንገዱ ላይ ውሃ ከሞላ አትግባበት፣ ኦሎምፒያ ጋ ጥግ ይዘህ እስኪያባራ ቁም። ብትዘገዩ ግድ የለም።

ትናንት ዝናቡ እስኪያልፍ ቆመን ነው ያመሸነው ብለኸኝ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ልጄ ጫማዋን አውልቃ፣ ታቅፋው ነው መኪና ውስጥ የገባችው። ምነው ስላት፣ «ውሃው ሲገባ እንዳይርስብኝ» አለችኝ።

በቃ፣ ምሳ ድስቱ ውስጥ አለ፣ አሙቀህ ብላ።
እሷን ግን ጫማዋን እንዳደረገች አምጣልኝ።

እህትህ